ነገርን ከሥሩ፤ ስለ አውቶሞቢል ካምቢዮ መሰናከልና ስለ ኤሌክትሪክ ምክንያቱ

በችሎት ወንበር አጠገብ ብዙ ዘመን ተቀምጦ የጻፈ ሰው አንድ ነገር ሳይማር አይቀርም፤ ይኸውም አስቀድሞ የተከሰሰው ሁሉ በደለኛ አለመሆኑን፥ ከፍ ብሎ የተሰማውም ድምፅ ሁሉ የነገሩ ሥር አለመሆኑን ነው። አባቶቻችን «ነገርን ከሥሩ፥ ውኃን ከጥሩ» ማለታቸው ስለዚህ ነው። ይህም ምክር ለችሎት ብቻ የተነገረ አይደለም፤ ለቤት አስተዳደርም፥ ለሕመም ምርመራም፥ ከደጃችን ለቆመው አውቶሞቢል እንኳ ሳይቀር የሚጠቅም ነው።

በዚህ በቤተ ሰብ ገጽ ላይ ስለ አውቶሞቢል ካምቢዮ መጻፌ ለአንዳንድ አንባቢ እንግዳ ነገር መስሎ ይታየው ይሆናል። ዳሩ ግን በአሁኑ ዘመን አውቶሞቢል ላለው ቤት፥ አውቶሞቢሉ ልጆችን ወደ ትምህርት ቤት፥ ሽማግሌዎችን ወደ ሐኪም፥ ባለቤቱንም ወደ ሥራው የሚያደርስ የቤቱ አገልጋይ ነው፤ በታመመም ጊዜ ለማሳከሚያው የሚወጣው ገንዘብ ከልጆች ትምህርትና ከቤቱ ቀለብ የሚቀነስ ነው። ይልቁንም ማርሹን በራሱ የሚለውጠው፥ አውቶማቲክ የሚባለው ካምቢዮ ተሰናከለ በተባለ ጊዜ የሚጠየቀው ዋጋ የብዙ ወር ደመወዝ የሚፈጅ በመሆኑ፥ ነገሩን ሳያጣሩ ገንዘብ መቍጠር ቤትን የሚጎዳ ነው። ስለዚህ የታመመው በእርግጥ ካምቢዮው ራሱ ነው፥ ወይስ ለካምቢዮው ትእዛዝ የሚያደርሰው ኤሌክትሪክ ነው? የሚለው ጥያቄ እንዴት ሊመረመር እንደሚገባ፥ በቤታችን ከደረሰው ነገር ጋራ አያይዤ ለመጻፍ አሰብሁ።

አስቀድሞ የዕቃውን ጠባይ ማወቅ ያስፈልጋል። መኪና ከቆመበት ሲነሣና ዳገት ሲወጣ ጕልበት በሚሰጥ ማርሽ፥ በሜዳ ሲፈጥን ደግሞ ፍጥነት በሚሰጥ ማርሽ መሄድ ይገባዋል። በቀድሞው ዐይነት መኪና ይህን የሚያደርገው ነጂው ነው፤ በግራ እግሩ ፍሪሲዮኑን እየረገጠ በእጁ ማርሹን ይለውጣል። በአውቶማቲኩ ግን በዚያ ፍሪሲዮን ፈንታ ቶርክ ኮንቨርተር የሚባል፥ የሞተሩን መዞር በዘይት ፍሰት ወደ ካምቢዮው የሚያስተላልፍ ዕቃ አለ። በካምቢዮው ውስጥ ያሉትንም ማርሾች እየያዙና እየለቀቁ የሚያለዋውጡት በዘይት ግፊት የሚጨመቁ የፍሪሲዮን ሸራዎች ናቸው።

ጀነራል ሞተርስ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ሃይድራማቲክ የሚባለውን ካምቢዮ፥ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1940 ሞዴል ኦልድስሞቢል ላይ ለገበያ ባወጣ ጊዜ፥ ማርሹ መቼ እንደሚለወጥ የሚወስነው የዘይቱ ግፊት ነበረ፤ የመኪናው ፍጥነትና የነዳጁ መርገጫ ግፊቱን ከፍና ዝቅ እያደረጉ ቫልቮቹን ይገፉ ነበርና። ከ1980ዎቹ ዓመታት ወዲህ ግን ይህ ውሳኔ በየመኪናው እየተስፋፋ ለኮምፒውተር ተሰጠ። ዘይቱ የጕልበት ሠራተኛ ሆኖ ቀረ፤ አዛዡ ኤሌክትሪክ ሆነ።

ይህን ኮምፒውተር በዳኛ ብንመስለው አሠራሩ በቀላሉ ይገባናል። ዳኛው በወንበሩ ተቀምጦ የብዙ ምስክሮችን ቃል ይሰማል። አንዱ ምስክር ወደ ካምቢዮው የሚገባውን ዘንግ ፍጥነት፥ ሁለተኛው ከካምቢዮው የሚወጣውን ዘንግ ፍጥነት፥ ሦስተኛው ነጂው ነዳጁን ምን ያህል እንደ ረገጠ፥ አራተኛው የዘይቱን ሙቀት፥ አምስተኛው እጀታው በፒ፥ በአር፥ በኤን ወይም በዲ ላይ መሆኑን ይናገራል። እነዚህ ምስክሮች ሴንሰር የሚባሉት ናቸው። ዳኛው ቃላቸውን ሰምቶ ከፈረደ በኋላ ትእዛዙን የሚፈጽሙ መልእክተኞች አሉት፤ እነርሱም ሶሌኖይድ ይባላሉ። ሶሌኖይድ ማለት የመዳብ ሽቦ የተጠቀለለበት፥ ኤሌክትሪክ ሲደርሰው እንደ ማግኔት ሆኖ የዘይቱን መንገድ የሚከፍት ወይም የሚዘጋ ትንሽ ዕቃ ነው። እንግዲህ ምስክር ቢዋሽ፥ መልእክተኛ በመንገድ ቢቀር፥ ወይም ዳኛው ራሱ በኤሌክትሪክ ማነስ ቢደክም፥ በካምቢዮው ውስጥ ያሉት ብረቶች ሁሉ ደኅና ሆነው ሳሉ ማርሹ ይሰናከላል፤ መኪናው ይነጥራል፥ ለመለወጥ ይዘገያል፥ ወይም ከቶ አይለውጥም። በውጭ ሆኖ ለሚያየው ሰው ግን ጥፋቱ የካምቢዮው ይመስለዋል። «አህያውን ፈርቶ ዳውላውን» የተባለው ተረት የሚፈጸመው በዚህ ጊዜ ነው።

ደግሞ ሊታወቅ የሚገባው አንድ ነገር አለ። ኮምፒውተሩ የምስክሮቹን ቃል ማመን ባቃተው ጊዜ በጥርጣሬ ከመፍረድ ይልቅ ሥልጣኑን ይተዋል፤ ወደ ሶሌኖይዶቹ የሚሄደውን ኤሌክትሪክ ያቋርጥና ካምቢዮው በአንድ ማርሽ ብቻ፥ በብዙ መኪናዎች በሦስተኛው ማርሽ፥ እንዲቀር ያደርጋል። የኋላ ማርሽ ግን እጀታው በቀጥታ በሚገፋው ቫልቭ የሚታዘዝ ስለ ሆነ ብዙ ጊዜ ይሠራል። ይህ ነገር ባለቤቱ ቀስ ብሎ ከቤቱ ወይም ከጋራዥ እንዲደርስ፥ ካምቢዮውም እንዳይጎዳ የተደረገ ጥበቃ ነው። ይህን የማያውቅ ሰው መኪናው ከቆመበት ለመነሣት ሲደክም ባየ ጊዜ ካምቢዮው ያለቀ መስሎት ይደነግጣል።

በእኛ ቤት የደረሰው እንዲህ ነበር። ያለችን አውቶሞቢል ከእኛ በፊት በሌላ ሰው እጅ ያገለገለች፥ ባለ አራት ማርሽ አውቶማቲክ መኪና ናት። በእርስዋም እናቴን ስለ ልብ ሕመምዋ በየወሩ ወደ ሐኪም አደርሳታለሁ። በአንድ ክረምት ማታ ማታ፥ ይልቁንም ዝናብ ሲዘንብ፥ መኪናዪቱ ከሁለተኛው ወደ ሦስተኛው ማርሽ ስትለውጥ እንደ ደነገጠች በቅሎ ትነጥር ጀመር፤ በቀን ግን ደኅና ናት። ጥቂት ሳምንት ካለፈ በኋላ አንድ ማታ እናቴን ይዤ ስመለስ ከዳገት ላይ በዳሽቦርዱ የሞተር ምልክት መብራት በራ፤ ማርሹም በአንዱ ላይ ተቸክሎ ቀረ። ቀስ እያልን ከቤት ደረስን። እናቴም ስትወርድ፥ «ልጄ፥ የዚህችም ልብ እንደ እኔው ሳይደክም አልቀረም» አለችኝ።

በማግሥቱ መኪናዪቱን ያየው የጋራዥ ሠራተኛ አንድ ጊዜ ወደ ፊት፥ አንድ ጊዜ ወደ ኋላ ከነዳት በኋላ፥ «ካምቢዮው አብቅቷል፤ ወርዶ ይታደስ ወይም በሌላ ይለወጥ» ብሎ ፈረደ። የጠየቀውም ዋጋ የስድስት ወር ደመወዜን የሚያህል ነበረ። በቤታችን የነበረው ገንዘብ ባለቤቴ ከዕቁብ ያወጣችው፥ ለታላቂቱ ልጃችን የትምህርት ቤት ክፍያ የተቀመጠው ብቻ ነው። ገንዘቡን ለካምቢዮው ብናውል ልጂቱ ከትምህርት ቤትዋ መውጣትዋ ነው፤ ባናውለው ደግሞ እናቴ በዝናብ ውስጥ ታክሲ ስትጠብቅ ልትቆም ነው። ማታ ስንመካከር ባለቤቴ፥ «በችሎት የተፈረደበት ሰው ይግባኝ ይል የለምን? ለዚህች መኪናስ ይግባኝ አይፈቀድላትምን?» አለች። ነገርዋ ትክክል ስለ ሆነ፥ በመኪና ኤሌክትሪክ ሥራ ብዙ ዘመን ወደ ቆዩ አንድ ሽማግሌ ባለሙያ ዘንድ ወሰድኋት።

ሽማግሌው አስቀድመው መሣሪያ አላነሡም፤ ወረቀትና እርሳስ እንዳወጣ አዘዙኝና ይጠይቁኝ ጀመር። «ልጄ፥ የምትነጥረው በብርድ ነው ወይስ ሞተሩ ከሞቀ በኋላ? በዝናብ ነው ወይስ በደረቅ? መብራት አብርተህ ሳለህ ነው ወይስ ሳታበራ? ሞተሩ በጠዋት ቶሎ ይነሣል ወይስ ያቃስታል?» አሉ። እኔም ሕመሙ የሚብሰው ማታ፥ የፊት መብራትና የዝናብ መጥረጊያ፥ የመስተዋቱንም እንፋሎት የሚያደርቀው ማራገቢያ በአንድነት ሲሠሩ መሆኑን፥ ሞተሪኖውም ከጥቂት ጊዜ ወዲህ እየተንፏቀቀ የሚያስነሣ መሆኑን ነገርኋቸው። እርሳቸውም፥ «ብረት መብራት መብራቱን አያውቅም፤ መብራት ስታበራ የሚታመም ካምቢዮ ቢኖር ሥሩን ከኤሌክትሪኩ ዘንድ ልንፈልግ ይገባናል» አሉኝ። ከዚያ በኋላ ምርመራውን በተራ አደረጉ፤ እኔም የተገኘውን ሁሉ እንደ ችሎት መዝገብ ጻፍሁ።

መጀመሪያ የካምቢዮውን ዘይት አዩ። የመኪናዪቱ መጽሐፍ እንደሚያዝዘው ሞተሩ ሞቆ እየሠራ ሳለ መለኪያውን አውጥተው ሲያዩት ልኩ የተካከለ፥ መልኩ ቀይ፥ የማረር ሽታ የሌለው ሆነ። «ሸራው ተቃጥሎ ቢሆን ዘይቱ ይናገር ነበር» አሉ። ሁለተኛ፥ አንዳች ሽቦ ሳይነቅሉ የምርመራውን መሣሪያ ከመሪው በታች ባለው ሶኬት ሰክተው ኮምፒውተሩ የመዘገበውን ቍጥር አነበቡ። ይህ ባለ 16 እግር ሶኬት በአሜሪካ አገር ከ1996 ሞዴል ጀምሮ ለሚሸጡ አዲስ የቤት አውቶሞቢሎች ሁሉ ግዴታ የሆነ፥ ዛሬም በብዙ አገር መኪና ላይ የሚገኝ ነው። የተገኘው ቍጥር ፒ 0720 ነበረ፤ ትርጓሜውም ከካምቢዮው የሚወጣውን ዘንግ ፍጥነት የሚናገረው ሴንሰር መስመር ተበላሽቷል ማለት ነው።

በዚህ ስፍራ ብዙ ሰው ቸኵሎ ሴንሰሩን ገዝቶ ይለውጣል። ሽማግሌው ግን፥ «ቍጥሩ ክስ ነው እንጂ ፍርድ አይደለም፤ መስመር አለ እንጂ ሴንሰር አላለም» ብለው ሴንሰሩን በመለኪያ መረመሩት። በእጃቸው ያለው ቴስተር የሚባለው መለኪያ የሴንሰሩን ጥቅል ሽቦ ተቃውሞ በኦም ቈጠረ፤ ልኩም በመጽሐፉ ከተጻፈው መካከል ሆነ። ሶኬቱ ንጹሕ፥ እስከ ኮምፒውተሩ የሚደርሰውም ሽቦ ያልተበጠሰ ሆኖ ተገኘ። ምስክሩ ደኅና ከሆነ ቃሉ የሚበላሸው ከየት ነው?

ሦስተኛ፥ የኤሌክትሪኩን ኃይል ለኩ። ሞተሩ ጠፍቶ ባትሪው 12.5 ቮልት ነበረው፤ ይህም ደኅና ነው፤ የሞላ ባትሪ 12.6 ቮልት ያህል አለውና። ሞተሩ ተነሥቶ መብራት ሳይበራ ባትሪው ላይ 13.8 ቮልት ሆነ፤ መብራቱ፥ ማራገቢያውና መጥረጊያው በአንድነት ሲሠሩ ግን ወደ 13.2 ወረደ። ዲናሞው በራሱ ላይ ሲለካ 14.2 ቮልት ያመርት ነበር። እንግዲህ ዲናሞው ከሰጠው ውስጥ 1 ሙሉ ቮልት በመንገድ ላይ ጠፍቷል ማለት ነው። የጠፋውንም ለማግኘት የቴስተሩን አንዱን ጫፍ ከባትሪው ነጌቲቭ ራስ፥ ሌላውን ከሞተሩ ብረት ላይ አደረጉ። ሁለቱ በወፍራም ሽቦ የተያያዙ ስለ ሆኑ በመካከላቸው ምንም ያህል ልዩነት ሊታይ አይገባም ነበር፤ ነገር ግን 0.9 ቮልት ታየ። የቀረው 0.1 በፖዘቲቩ መንገድ ላይ ያለ ነው፤ እርሱም አያስነቅፍም።

በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለሁ መምህራችን የጀርመኑ ሊቅ ጌዎርግ ኦም በ1827 ስላሳተመው ሕግ ያስተማረን በዚያ ቀን ትዝ አለኝ። ሕጉ የሚለው፥ በአንድ ሽቦ ላይ የሚጠፋው ቮልት የሚያልፈው አምፔር በሽቦው ተቃውሞ ሲባዛ የሚገኘው ነው። በዚህች መኪና 30 አምፔር ያህል ቢያልፍ፥ 0.03 ኦም የሚያህል እጅግ ጥቂት ተቃውሞ 0.9 ቮልት ለማጥፋት ይበቃዋል። መብራቱ ሲጠፋ የሚያልፈው አምፔር ስለሚያንስ የሚጠፋውም ቮልት ያንሳል፤ በቀን ደኅና፥ በማታ ሕመምተኛ የሆነችበት ምሥጢር ይህ ነበር። ሞተሪኖውም ብዙ አምፔር የሚፈልግ ስለ ሆነ በዚያው ጠባብ መንገድ ታንቆ ያቃስት ነበር።

ሽማግሌው ወደ መኪናዪቱ ሥር ገብተው ሞተሩን ከመኪናዪቱ አካል ጋራ የሚያያይዘውን፥ ባለሙያዎች ማሳ የሚሉትን የተጐነጐነ የመዳብ ሽቦ ፈትተው አወጡት። ጫፉ አረንጓዴ ዝገት ለብሶ፥ ብዙዎቹም ክሮች ተበጥሰው ነበር። በአዲስ ለወጡት፤ የሚታሰርበትንም ብረት እስኪያበራ ድረስ ፋቁት። እንደ ገና ሲለኩ 0.9 የነበረው 0.04 ቮልት ሆነ። የተመዘገበውን ቍጥር ከሰረዙ በኋላ ማታ መብራቱን ሁሉ አብርተን በዳገት ነዳናት፤ አልነጠረችም። ከዚያ ወዲህ አንድ ክረምት ሙሉ አልፏል፤ ያ ቍጥር ተመልሶ አልታየም። ያወጣነው ገንዘብ ከቤታችን የአንድ ሳምንት ቀለብ የማይበልጥ ሲሆን፥ የዕቁቡ ገንዘብ ለተቀመጠለት ለልጂቱ ትምህርት ዋለ።

ደካማ ማሳ የማርሽን ሥራ የሚያሰናክልበትን ምክንያት ሽማግሌው በምሳሌ አስረዱኝ። ነጋዴ በሚንቀጠቀጥ ወለል ላይ ሚዛን ቢያቆም፥ ሚዛኑም እህሉም ደኅና ሳሉ ልኩ ይሳሳታል። ኮምፒውተሩም የሴንሰሮቹን ጥቃቅን ቮልት ሁሉ የሚለካው ከማሳው ተነሥቶ ነው፤ ማሳው ከፍ ዝቅ ካለ ምስክሮቹ እውነት እየተናገሩ እንደ ሐሰተኞች ይቈጠራሉ።

ይህ የአንዲት መኪና ነገር ነው፤ የኤሌክትሪክ ምክንያት ግን ብዙ ነው። ስለዚህ ዋና ዋናዎቹን ከነምልክታቸው እጽፋለሁ።

እጀታው በየትኛው ፊደል ላይ እንዳለ የሚናገረው ሴንሰር ውኃ ሲገባው ወይም ሲያረጅ ሞተሩ በፒ ላይ አልነሣ ብሎ በኤን ላይ ይነሣል፤ ወይም በዳሽቦርዱ ላይ የሚታየው ፊደል ይጠፋል። ቍጥሩም ብዙ ጊዜ ፒ 0705 ነው። እጀታው ከፒ አልወጣ ያለ እንደ ሆነ ደግሞ ካምቢዮውን ከመክሰስ በፊት አንድ ልጅ ከኋላ ቆሞ ፍሬን ሲረገጥ የፍሬኑ መብራት መብራቱን ይይ። ካልበራ፥ በፍሬኑ መርገጫ ላይ ያለችው ትንሽ ማብሪያ ወይም ፊውዝዋ ተበላሽታ ይሆናል፤ ኮምፒውተሩ ፍሬን መረገጡን ካላወቀ እጀታውን አይለቅምና።

ዲናሞው የሚያመርተው ኤሌክትሪክ በተፈጥሮው ተለዋዋጭ ነው፤ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ እንዲሄድ የሚያደርጉት ዳዮድ የሚባሉት ዕቃዎች ናቸው። ከእነርሱ አንዱ ሲበላሽ ባትሪው ቢሞላም በመስመሩ ላይ ሁከት ይገባል፤ ኮምፒውተሩም ሁከቱን ከፍጥነት ሴንሰር የመጣ ቃል አድርጎ ሊቈጥረው ይችላል። በዚህ ጊዜ መኪናው በተካከለ መንገድ ሲሄድ ይንቀጠቀጣል፥ ወይም ያለ ምክንያት ማርሽ ይለዋውጣል። ባለሙያው ቴስተሩን በተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ ላይ አድርጎ ሞተሩ እየሠራ ባትሪውን ቢለካና ከ0.5 ቮልት በላይ ቢያገኝ ዲናሞውን መጠርጠር ይገባዋል።

ሶሌኖይድም አንዳንድ ጊዜ በብርድ ደኅና ሆኖ ዘይቱ ሲሞቅ የውስጥ ሽቦው ይለያያል። ስለዚህ ጠዋት ተለክቶ ደኅና ነው የተባለ ሶሌኖይድ ሕመሙ በሚታይበት ሙቀት እንደ ገና ሊለካ ይገባዋል። ከፒ 0750 ጀምሮ ያሉት ቍጥሮች ስለ ማርሽ መለወጫ ሶሌኖይዶች የሚናገሩ ናቸው። ደግሞ አይጥ የቈረጠመው፥ ከብረት ጋራ እየተሻሸ ልባሱ ያለቀ፥ ወይም የካምቢዮ ዘይት በውስጡ ተስቦ ሶኬቱን ያረጠበው ሽቦ ይገኛል። ይህ ሞተሩ እየሠራ ሽቦውን በእጅ ቀስ ብሎ በማነቃነቅ ይፈለጋል። ፒ 0700 የሚለው ቍጥር ግን የካምቢዮው አዛዥ የሚናገረው ነገር አለው፥ ጠይቁት ማለት ብቻ ነው። በዚህ ቍጥር ብቻ ካምቢዮ ማውረድ የክስ ማመልከቻ ርእስ አንብቦ እንደ መፍረድ ያለ ነው።

ዳሩ ግን ለአንዱ ወገን ብቻ ማድላት ፍርድ አይሆንም፤ በእርግጥ ካምቢዮው ራሱ የሚታመምበት ጊዜ አለና። ዘይቱ ጠቍሮ የማረር ሽታ ካለው፥ በውስጡም የብረት ስባሪ ከታየ፥ ሞተሩ እየጮኸ መኪናው ካልፈጠነ፥ ወይም ኤሌክትሪኩ ሁሉ ተመርምሮ ደኅና ከሆነ በኋላ የማርሹ ልክ አይገጥምም የሚለው ፒ 0730 ከቀረ፥ ሸራው አልቋል ብሎ ማመን ይገባል። በብዙ መኪና ደግሞ የሶሌኖይዶቹን ሶኬት ነቅሎ በእጀታው ብቻ እየለወጡ መንዳት ይቻላል። መጽሐፉ የሚለው ማርሽ ሁሉ አጥብቆ ከያዘ ብረቱ ደኅና ነው፥ ጥፋቱ ከኤሌክትሪኩ ነው፤ በዚያም ጊዜ ከተንሸራተተ ጥፋቱ ከብረቱ ነው። ይህ ፈተና የባለሙያ ሥራ ነው። እንዲህ ተጣርቶ ከተፈረደ በኋላ ግን ካምቢዮውን ለማሳደስ ማመንታት አይገባም፤ የተንሸራተተ ሸራ ሌላውንም ያበላሻልና።

ለባለቤቶች የሚጠቅም ምክር ይህ ነው። በመኪናው ውስጥ አንድ ትንሽ ደብተር አኑሩ፤ ሕመሙ የታየበትን ቀንና ሰዓት፥ ብርድ ወይም ሙቀት፥ ዝናብ ወይም ደረቅ፥ በዚያን ጊዜ በርቶ የነበረውን መብራት ጻፉበት። የተመዘገበው ቍጥር ተነብቦ ሳይጻፍ ባትሪውን አታስነቅሉ፤ በብዙ መኪና ባትሪው ሲነቀል መዝገቡ ይሰረዛል፥ ኮምፒውተሩም የተማረውን የማርሽ አለዋወጥ ይረሳል። ሞተሩ እየሠራ ሳለ ግን ባትሪ ከቶ አይነቀል፤ የዲናሞው ኃይል ድንገት ከፍ ብሎ ኮምፒውተሩን ሊያቃጥል ይችላልና። ከኮፋኖው ሥር ያሉትን ሶኬቶች በኃይለኛ ውኃ አታስመቱ። መኪናው በአንድ ማርሽ ብቻ የቀረ እንደ ሆነ ከመንገድ ዳር ቁሙ፥ ረጅም መንገድም አትሂዱ። የሚጎተትም ቢሆን የሚያሽከረክሩት ጎማዎች ከመሬት ተነሥተው ይጎተት፤ ሞተሩ ሳይሠራ ጎማው ሲዞር በብዙ አውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይቱ አይዘዋወርምና ውስጡ ይቃጠላል።

ከሁሉ በላይ ግን የጋራዡን ሠራተኛ በትሕትና አራት ነገር ጠይቁት። ዘይቱ ምን መሰለ? የተነበበው ቍጥር ምንድር ነው? የባትሪው፥ የዲናሞውና የማሳው ልክ ስንት ሆነ? የተጠረጠረውስ ዕቃ ተለክቶ ነው ወይስ ተገምቶ? መልሱንም በጽሑፍ ተቀበሉ። ሥራውን የሚያውቅ ባለሙያ በዚህ ጥያቄ አይቈጣም፤ እንዲያውም ምስክር የሚሆነው ወረቀት ስለሚኖረው ደስ ይለዋል። የሚቈጣ ቢኖር ግን ቤተ ሰቡ ገንዘቡን ከመቍጠሩ በፊት ወደ ሌላ ባለሙያ ይግባኝ ማለት ይገባዋል።